የማንሶክን እንቅልፍ ማን ሰረቀው?

ማንሶክ ሰው አያምንም። ይህን ስል ስሙን እያጠፋሁ እንዳይመስላችሁ፤ ራሱ በኩራት የሚያወራው ነገር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእሱ የወጣ ይመስላል። ዓሣ ሊገዛ ገበያ ሲወርድ መጀመሪያ ዓሣዋን ያያል፣ ቀጥሎ ሻጯን ያያል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ዓሣዋ ይመለሳል። አውቶብስ ላይ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ካንቀላፋ፣ «ይኼ እውነት ተኝቶ ነው ወይስ ኪሴን አይቶ ነው?» ብሎ ቦታ ይቀይራል። እንዲህ ያለ ሰው እንቅልፉን ሲያጣ ምን ያደርጋል? ሌባ ይፈልጋላ!

ዕድሜውን የጨረሰው ባሕር ላይ ነው። ከቡሳን ወደብ እየተነሡ ሩቅ ሰሜን ድረስ ሄደው ዓሣ በሚያጠምዱ መርከቦች ላይ ሞተረኛ ነበር። አልጋውን ከሞተሩ የሚለየው አንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። ያ ሞተር ቀን ከሌሊት ሲያጓራ እሱ ድንጋይ ሆኖ ይተኛል። ብድግ የሚለው ሞተሩ ዝም ያለ እንደሆነ ብቻ ነበር፤ ባሕር መሐል ሞተር ዝም አለ ማለት መዓት መጣ ማለት ነዋ። ስልሳ ሲሞላው ግን መርከቡም «በቃህ» አለው። ዮንግዶ ደሴት፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ባለ አንድ አሮጌ ፎቅ ውስጥ እናቱ የምትኖርባት ቤት ገባና፣ ከደሴቲቱ ድልድይ ወዲያ ባለ ትልቅ አፓርታማ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ።

ሥራው አንዱን ቀን ከነሌሊቱ መቆም፣ በማግስቱ ማረፍ ነው። መቆሙንስ ቆመ፤ ያቃተው ማረፉ ነው። ጠዋት ይገባል፣ ሩዙን በሾርባ ይበላል፣ የብርሃን ነገር እንዳይገባ መስኮቱን በካርቶን ይደፍናል፣ በሩን ይዘጋል፣ መሬት ላይ በዘረጋው ፍራሽ ይጋደማል። እንቅልፍ ግን በዓይኑ አይዞርም። ቢመጣም እንደ መንገደኛ ደጅ ላይ ሰላም ብሎት ያልፋል።

ፀደይ ላይ የፈራው ደረሰ። የጥበቃ ቤቷ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንዳለ ጭልጥ አለ። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ጉረኛ ሰውዬ ናቸው፣ አላስነሡትም። ቀስ ብለው ስልካቸውን አወጡና አፉ እንደተከፈተ ፎቶ አንሥተው ለነዋሪው ሁሉ በተኑት።

«አቶ ማንሶክ፣ ሌባ ቢመጣ እርስዎን ተሸክሞ ይሄድ ነበር» አሉት። «ሁለተኛ እንዲህ ሆነው ካገኘንዎት ኮንትራትዎን አናድስም።»

የጥበቃ ኮንትራት ደግሞ ዓመት እንኳ የላትም፤ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ትታደሳለች ወይ ትቀራለች። በዚህ ዕድሜው ሌላ ማን ይቀጥረዋል? እናቱስ በምን ትኖራለች? ማንሶክ መተኛት አለበት፤ ካልተኛ እንጀራው አበቃ። እንቅልፍ ደግሞ ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ የግድ ያልከው ዕለት ነው ይበልጥ የሚሸሽህ።

ሐኪም ቤት ሄደ። ወጣቱ ዶክተር በትሕትና ጠየቀው፣ ሰማው፣ ከዚያ መከረው፦ ሌሊት ሌሊት የሚጠጣትን ያቺን ሙቅ ውኃ ብቻ የምትፈልግ ጣፋጭ የከረጢት ቡና እንዲተው፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ፍራሹ ላይ ከመንከባለል ተነሥቶ እንዲቀመጥ፣ በየቀኑም በተመሳሳይ ሰዓት እንዲተኛ።

«በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት?» አለ ማንሶክ። «ልጄ፣ እኔ እኮ አንድ ቀን ተኝቼ አንድ ቀን የምቆም ሰው ነኝ። ይኼንን ምክር የጻፈው ሰው ቢሮ ውስጥ ሲተኛ የሚውል መሆን አለበት።»

ኪኒን ተሰጠው። ኪኒኑ፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ያስተኛል። ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ በማግስቱ በሩ ላይ ቆሞ የሚገባው መኪና ሁለት ሁለት ይሆንበታል። ፋርማሲስቷም «ከሶጁ አረቄ ጋር እንዳይወስዱት፣ ለረጅም ጊዜም እንዳይወስዱት» ብላ አስጠነቀቀችው። እሱም «የማያዋጣ ከሆነ ለምን ትሸጪልኛለሽ?» አላት። ልጅቷ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ዞረች፤ ማንሶክም ፊቱን ያዞረ ሰው ይጠረጥራል። ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

ሌላኛውን በር የሚጠብቀው ባልደረባው ፒልጉ ደግሞ የራሱ መድኃኒት ነበረው። «ሰላጣ ብላ! ሾፌሮች መንገድ ሊወጡ ሲሉ ሰላጣ የማይነኩት ለምን መሰለህ?» አለው። ማንሶክ ከእግዜር የተላከ ፍየል ሆኖ ሰላጣ በሰላጣ ላይ ሲግጥ ሰነበተ። ሆዱ ጮኸ እንጂ ዓይኑ አልተከደነም። ሶጁውን ሞከረ፤ ሶጁ ቶሎ ይጥልና ቶሎ ለሽንት ያስነሣል። የመድኃኒት ፍሬ የታጨቀበት ትራስ ገዛ፤ ጭንቅላቱን ባዞረ ቁጥር ሻሽ ሻሽ ሲልበት፣ ውስጡ አይጥ አለ ብሎ ጠርጥሮ በቢላ ቀደደው። አይጥ አልነበረም። ፍሬው ግን እስከ ዛሬ ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይለቀማል።

እናቱ ቦንግሬ ሰማንያን ከተሻገረች ቆይታለች። የእሷ መድኃኒት የቁርቁራ ፍሬ ውስጥ ያለችው ትንሿ ዘር ናት፤ ትቆላታለች፣ ታፈላታለች፣ በስኒ ታመጣለታለች። «ጥሬው ያነቃል፣ የተቆላው ያስተኛል» ትላለች።

«አሳርረሽ ቆልተሻታል?»

«አሳርሬያታለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ? እኔ እኮ ስጠጣው ነው ይበልጥ የምነቃው።»

«አንተ ሻዩን የምትጠጣው እየጠረጠርክ ነው፤ የተጠረጠረ መድኃኒት ደግሞ ለማንም አይሠራም» ብላ ስኒዋን ይዛ ትወጣለች። ሴትዮዋ ከእሱ የባሰች ምላሰኛ ናት።

ሙቀቱ ሲገባ፣ የዝናቡ ሰሞን አልፎ አየሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ሲለጠፍ፣ ማንሶክ ከአሮጌ ዕቃ ተራ አንድ ቬንትሌተር ተሸክሞ መጣ። እናቱ በሩ ላይ ስታየው ፊቷ ጠቆረ።

«ይኼ ምን ያደርግልናል? እኔ የወረቀት ማራገቢያዬ አለችኝ።»

«ለእኔ ነው እማ። አንቺ ወረቀትሽን አራግቢ።»

«እንግዲያው በሩን ከፍተህ ተኛ።»

«ብርሃን ይገባላ!»

ማራገቢያዋን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። በዚያ ቤት ማንሶክ ከባሕር እየመጣ ባረፈባቸው ዓመታት ሁሉ ቬንትሌተር ገብቶ አያውቅም፤ እሱም ድህነት ነው ብሎ እንጂ ሌላ ነገር ይኖረዋል ብሎ አስቦ አያውቅም። ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ደግሞ ዓይኑ ሥር ያለውን ነው የማያይ።

ቬንትሌተሩ አሮጌ ስለሆነ ሲዞር ያጓራል። ማንሶክ በተጋደመ ቅጽበት ወሰደው! ጠብቶ የጠገበ ሕፃን እንኳ አይተኛም እንዲያ። ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም። ብዙም ሳይቆይ ብንን ይላል፤ ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ከላይኛው ፎቅ ደግሞ ዱም፣ ዱም ይሰማል። መልሶ ያበራዋል፣ ይተኛል፣ ይነቃል፤ ቆሟል። ዱም፣ ዱም። የቬንትሌተሩ ነገር ገባው፤ የሸጠለት ሰው «ሲሞቀው ራሱን ያጠፋል» ብሎታል። እንቅልፉን የሚሰርቀው ግን ያ ድምፅ ነው አለ። ከላይ የምትኖረው ሄጂን ናት፤ ፀጉር ሠሪ፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ሳቋ ከእሷ በፊት የሚደርስ ሴት። ማንሶክ ከዚያ ሳቅ ጀርባ ተንኮል አለ ብሎ ከወሰነ ሰንብቷል።

መጥረጊያውን አነሣና በእንጨቱ ጣሪያውን ደበደበ። በሌላውም ቀን ደበደበ። በሦስተኛው ቀን በሩጫ ወጥቶ በሯን ቢመታ የሚከፍት ጠፋ። «ተደብቃለች» አለ። አዎ፣ እግሯን አንሥታ ተደብቃለች!

በዚያው ሳምንት ሄጂን ሻንጣ እየጎተተች ስትወጣ ደረጃው ላይ ተገናኙ።

«አንቺ ሴት፣ ምን አድርጌሽ ነው እንቅልፍ የምትነሽኝ?»

«እኔ?» ሻንጣዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ እህቴ ወልዳ ዴጉ ከተማ ነበርኩ። አሁን መግባቴ ነው። ቤቴ ውስጥ ሰው የለም።»

«ዱም ዱም የሚለውስ?»

«የውኃ ቱቦው ነው፤ ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ይላል። ወይስ የሩዝ ማብሰያዬ ተነሥታ ስትደንስ ሰሟት?» ብላ ሳቀች። እናቱ በድምፁ ወጥታ ደጅ ቆማ ነበር፤ ሄጂን ወደ እሷ ዞረች። «እማማ፣ ልጅዎ መስኮቱን ደፍኖ በቬንትሌተር ነው እንዴ የሚተኛው? መስኮቱን ከውጭ አየሁት፤ ድምፁም እስከ ደረጃው ይሰማል። ሞት አምሮታል? በተዘጋ ቤት ቬንትሌተር አብርቶ የተኛ ሰው በነጋታው አይነሣም ይባል የለ!»

በዚህ አገር ይህን የማያምን ጥቂት ነው፤ ዶክተር ብትጠይቁ ይስቅባችኋል፣ ከሳቀ በኋላ ግን የራሱ እናት ቬንትሌተሩን ታጠፋበታለች። ማንሶክ «ሞተር ሥር ያደግሁ ሰው በላስቲክ ክንፍ አልሞትም!» አለና በሳቅ ፈነዳ። እናቱ አልሳቀችም። ወደ ውስጥ ገብታ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ጎረቤቷ ከወንጀል ነጻ ወጣች። ነጻ ያልወጣው ቬንትሌተሩ ነው። ማንሶክ በሥራው ቀን ተሸክሞት ሄደና የጥበቃ ቤቷ ውስጥ ሰካው። ቬንትሌተሩ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ዋለ፣ ሌሊቱን ሲያጓራ አደረ፤ አንዴ እንኳ አልቆመም። ማንሶክ ጠዋት ላይ ፒልጉን ጠርቶ አሳየው።

«ቬንትሌተርህ ጤነኛ ነው» አለ ፒልጉ የከረጢት ቡናውን እየጠጣ። «ራሱን አያጠፋም። ሰው ነው የሚያጠፋው። ቤትህ ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«እኔና እናቴ።»

ፒልጉ ቡናውን ብቻ አየ። አያችሁ፣ እንዲህ ያለ ዝምታ ነው ቤት የሚያፈርስ።

ማንሶክ በአውቶብስ ሲመለስ ሐሳቡ አንዱን ከአንዱ እየሰፋ መጣ። እናቱ በዚህ ሰሞን እህል አፏ ላይ እንዳለ ታንቀላፋለች፤ ማንኪያ ከእጇ ይወድቃል። ለምን? ኪኒኔን እየበላች ነው! መሳቢያውን ቢከፍት ኪኒኑ እንዳለ ነው፤ ይህም አላጽናናውም። እህቱ ሱጃ ከሴኡል በየቀኑ ትደውላለች፤ እሱ ሲገባ ወሬው ይቋረጣል። ሱጃ ደግሞ ድሮውንም «እማዬን ወደ እኔ ላምጣት፣ ቤቱን እንሽጠው» ትል ነበር። እሱ እንቅልፍ አጥቶ ከሥራ ቢባረር ለማን ይጠቅማል? የገዛ እናቱን ጠረጠረ። ጠርጥሮም አፈረ፤ አፍሮም አልተወም።

በሚያርፍበት ቀን ወጥመዱን ዘረጋ። መስኮቱን ደፈነ፣ በሩን ዘጋ፣ ቬንትሌተሩን አበራ፣ ተጋድሞ ዓይኑን ጨፈነና ትንፋሹን እንደተኛ ሰው አረዘመው። ያ የታደለ ቬንትሌተር ሲያጓራለት ከምሩ እንዳይወስደው ጭኑን ይቆነጥጥ ነበር።

በሩ ተከፈተ። የሚከፍተው እጅ ልምድ ያለው ነው፤ ሲጥ እንኳ አላለም። የእናቱ የጉልበት ቅባት ሽታ ቀድሟት ገባ። በጉልበቷ እየዳኸች አጠገቡ ደረሰች። ከዚያ አንድ ደረቅ መዳፍ አፍንጫው ሥር ተደቀነ፤ ትንፋሹ መዳፉን ነካ፣ ተመለሰ፣ ነካ። መዳፉ ተነሣ። ቀጭ! ቬንትሌተሩ ቆመ።

አልወጣችም። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ማንሶክ በሽፋሽፍቱ መሐል ያያታል፤ አንገቷ ይወድቃል፣ ደንግጣ ታቀናዋለች፣ በወረቀት ማራገቢያዋ ታራግበዋለች፣ እንደገና መዳፏን አፍንጫው ሥር ታደርሳለች።

አላስቻለውም። እጇን ላፍ አደረገና «ያዝኩሽ!» አለ።

አሮጊቷ ጮኸች። ማራገቢያው ወደቀ።

«ምን አድርጌሽ ነው እማ? ሥራዬን እንዳጣ ነው? ከሱጃ ጋር ነው የመከራችሁት? ንገሪኝ!»

«ልቀቀኝ፣ ያመኛል።»

ለቀቃት። እጇን እያሻሸች ቬንትሌተሩን አየችው እንጂ እሱን አላየችውም።

«ማንሆ በዚህ ነው የሞተው» አለች።

ማንሆ ታናሽ ወንድሙ ነው። ማንሶክ የመጀመሪያ ጉዞው ላይ፣ ሰሜን ባሕር ላይ ሳለ ነው ገና በወጣትነቱ የሞተው፤ ሲመለስ የደረሰው ከመቃብሩ ነበር።

«ልቡ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ምን ልበልህ ታዲያ? የመጀመሪያ ደሞዝህን ስትልክ 'እማዬ፣ ቬንትሌተር ገዝተሽ ተኚ፣ በሙቀት እንዳትንገላቺ' ብለህ ነበር። ገዛሁ። ልጁ ሙቀት አይችልም፣ ለእሱ ሰጠሁት። ጠዋት በሩን ስከፍት እሱ ቀዝቅዟል፤ ያ ነገር ግን ይዞራል።» የቬንትሌተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች። «ባሕር ላይ ላለ ልጅ ይኼን እንዴት ብዬ ልንገር? የላክኸው ስጦታ ወንድምህን በላው ልበል? እኔው ይዤው ልሙት አልኩ።»

ማንሶክ የወደቀውን ማራገቢያ አነሣ። «እማ... ቬንትሌተር እኮ ሰው አይገድልም።»

«አውቃለሁ። ሱጃ በስልክ በየቀኑ የምትለኝ ይኼንኑ ነው፣ በቴሌቪዥንም ሰምቻለሁ። እኔ አምኛለሁ፤ እጄ ነው እምቢ ያለኝ። አንተ ስትተኛ፣ ያ ነገር ሲዞር፣ እጄ ራሱ ሄዶ ያጠፋዋል። ካጠፋሁት በኋላ ደግሞ ዘግይቼ እንደሆነስ እላለሁ፤ ትንፋሽህን ሳልነካ መነሣት አልችልም።»

«ከገዛሁት ቀን ጀምሮ እንዲህ ነሽ? መቼ ነው የምትተኚው?»

«አንተ ሥራ ስትሄድ።»

«እሱም ውሸት ነው» አለ ማንሶክ፤ እናቱም አልካደችም። የዚያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ሌባ ሲፈልግ የከረመ ሰው፣ የተሰረቀችው እሷ ሆና አገኛት።

ቬንትሌተሩን አንሥቶ ወደ ላይ ወጣና ሄጂን እጅ ላይ አስቀመጠው። ስለ መጥረጊያው ይቅርታ ጠየቃት፤ ሴትዮዋ ምን እንደነካው ግራ ገብቷት ለአንዴም ቢሆን ሳትስቅ ቀረች። ተመልሶ ካርቶኑን ከመስኮቱ ቀደደ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ ከፍራሹ ጎን ሌላ ፍራሽ ዘረጋ።

«እዚህ ተኚ።»

«እኔ በቀን አልተኛም።»

«ተኚ አልኩሽ እማ። ትንፋሼን መንካት የለብሽም፤ አሰማሻለሁ።»

ከዚያ ጣሪያውን እያየ፣ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ፣ ጮክ አድርጎ ይተነፍስ ጀመር፤ ሆ... ፉ... ሆ... ፉ...

«በሬ ነህ እንዴ?» አለች።

«ዝም ብለሽ ተኚ።»

ሆ... ፉ... እሷ ሁለት ሦስቴ እጇን ወደ እሱ ዘረጋች፣ መለሰች። ኋላ እጇ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ማንኮራፋት ጀመረች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ያቺ ደቃቃ አሮጊት ከየት እንዳመጣችው ባልታወቀ ጉልበት፣ ቤቱን የሚሞላ፣ እኩል እኩል የሚረግጥ ከባድ ድምፅ። ማንሶክ ትንፋሹን ቀነሰና አዳመጠ። «ሞተሩ እየሠራ ነው» አለ በልቡ፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው ነገር የለም።

በማግስቱ ሥራ ላይ ሰብሳቢው ስልካቸውን ደግነው በመስኮት ብቅ ቢሉ ማንሶክ ዓይኑን አፍጥጦ ጠበቃቸው። በመከሩ ኮንትራቱ ሲታደስ «ምን እየወሰዱ ነው?» ብለው በጎሪጥ አዩት፤ አሁን ደግሞ ጠርጣሪው እሳቸው ሆኑ። እሱም አልነገራቸውም። የእናት ማንኮራፋት በፋርማሲ አይሸጥም።

ከእነዚያ ጠዋቶች በአንዱ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ፣ ሄጂን ጫማዋን እያንቋቋች፣ ሳቋን እያስቀደመች ከደረጃው ትወርዳለች። ማንሶክ በራቸው ደጅ ቆሞ ውስጡን አዳመጠ፤ እሱ ሳይኖር፣ የማንንም ትንፋሽ ሳትጠብቅ፣ ሞተሩ ይሠራል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«እሽ!» አላት በሹክሹክታ። «ቀስ ብለሽ ርገጪ። እማዬ ተኝታለች።»